ጀበናው ሳይሰበር ዋሽንግተን የደረሰበት አስተሻሸግ

ለታላቅ እህቴ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የላክሁት የመጀመሪያው ጀበና አንገቱ ተቀንጥሶ፣ እጀታው ለሁለት ተከፍሎ ደረሰ። ከስድስቱ ሲኒዎችም የተረፉት ሁለት ብቻ ነበሩ። እናታችን ያሟሸችው ጀበና ስለ ነበር በጣም አዘንሁ።

ችግሩ በጀበናው ዙሪያ የጠቀጠቅሁት ጋዜጣ ነበር። ተጨማድዶ ሲገባ ካርቶኑን የሞላ ይመስላል፤ በጉዞ ላይ ግን ክብደት ሲጫነው ይተኛል፣ ጀበናውም ባዶ ቦታ አግኝቶ ይንገላታል።

ሁለተኛውን ሳሽግ ከአንገቱ ጀመርሁ። ሸክላ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው ቀጭኑ ክፍል ከወፍራሙ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ነው። ስለዚህ በአንገቱና በእጀታው መካከል ያለውን ክፍተት በጨርቅ ሞላሁት፤ አንገቱ ከሆዱ እኩል እስኪወፍር ድረስም ጠቀለልሁት። ከዚያ በትንሽ ካርቶን አድርጌ ትንሹን በትልቅ ካርቶን ውስጥ አስገባሁ፤ በሁለቱ መካከል በየአቅጣጫው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፖንጅ ጠቀጠቅሁ። ሲኒዎቹን ለየብቻ ጠቅልዬ፣ ሳልደራርብ በጠርዛቸው አቆምኋቸው።

ከማሸጌ በፊት ካርቶኑን ወዘወዝሁት። ትንሽ ድምፅ ሰማሁ፤ ከፍቼ ጨርቅ ጨመርሁ። ፈጽሞ ዝም እስኪል ድረስ ፕላስተር አልነካሁም።

ባለፈው እሑድ እህቴ ቡና አፍልታበት ፎቶግራፍ ላከችልኝ። ጭረት እንኳ የለበትም።