መዳብና እንጨት አብረው ሲለሰልሱ እንጨቱ እንዳይጠቁር

ከአሮጌ በር ወይም ከተሰበረ ወንበር በተረፈ ጠንካራ እንጨት ላይ የመዳብ ወይም የናስ ቁራጭ አስገብታችሁ ቀለበትና የጆሮ ጌጥ የምትሠሩ፣ ይቺን ሞክሯት። ሁለቱን አንድ ላይ በብርጭቆ ወረቀት ስታለሰልሱ የመዳቡ ብናኝ የእንጨቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ይገባና ያጠቁረዋል። ፈካ ያለ እንጨት ላይ በጣም ያስጠላል። በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ደግሞ ይብሱን ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። መዳቡ ተጣብቆ ሙጫው ከደረቀ በኋላ፣ ገና ማለስለስ ሳትጀምሩ እንጨቱን ስስ ቫርኒሽ ቀቡትና በደንብ ይድረቅ። ቫርኒሹ ቀዳዳዎቹን ስለሚደፍን ብናኙ ላይ ላዩን ይቀራል። ከዚያ በደረቁ፣ የእንጨቱን መስመር ተከትላችሁ አለስልሱ። በየመሃሉ ስኮች ለጥፋችሁ ብታነሱት ብናኙን ይዞ ይመጣል፤ እኔ ከብሩሽ እሱን እመርጣለሁ። ቫርኒሹ ተፍቆ ካለቀ ደግማችሁ ቀቡ። ብቻ አትቸኩሉ፤ መዳብ ቶሎ ስለሚግል ሙጫውን ሊያላቅቀው ይችላል።

ሙጫ የሚያርፍበትን ቦታ ግን ቀድማችሁ ቫርኒሽ አታስነኩት፣ ሙጫው እንጨቱን በደንብ አይዝም። የድሮ ቀለም ያለበት እንጨት ከሆነም ቀለሙ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አትፈግፍጉት።