የዳፊን ጂን ማብሪያ ማጥፊያ ሰውና ዝንጀሮ ላይ እንዴት እናያለን (ላፕቶፕ ብቻ ይዘን)

ጅማ ያደገ ሰው ወባን ከመጽሐፍ አይደለም ሚያውቃት፣ ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ጥቅምት ሲመጣ ሰፈር ውስጥ ብርድ ብርድ አለኝ ብሎ ጋቢ ደርቦ ፀሀይ ላይ ሚቀመጥ ሰው አይጠፋም። ዛሬ ማሳያችሁ ቫይቫክስ ምትባለዋ ወባ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ምትገባበትን በር ነው፣ በተለይ ደግሞ በሩ ይኑር አይኑር ብሎ ሚያዘውን ትንሽዬ የዲኤንኤ ቦታ። ላቦራቶሪ ምናምን አያስፈልግም፣ ኔትወርክ ከሰጠን ይበቃል፣ እኔ ብዙ ጊዜ ማታ ሰው ሲተኛ ነው ምሰራው።

መጀመሪያ ነገርየው ይግባን። ዳፊ ሚባለው ፕሮቲን ለወባ ተብሎ የተሰራ አይደለም፣ ስራው ኬሞካይን ሚባሉትን፣ የበሽታ መከላከያ ሴሎች ሚጠራሩባቸውን መልእክተኞች፣ ከደም ላይ መልቀም ነው። ቫይቫክስ ግን እሱን ይዛ ትገባለች። ቀይ ሴላቸው ላይ ዳፊ የሌላቸው ሰዎች ቫይቫክስን እንደሚቋቋሙ እ.ኤ.አ በ1976 ታወቀ፣ ምክንያቱ የተገኘው ግን በ1995 ነው፣ እና ፕሮቲኑ አልተበላሸም፣ የተነካው ከጂኑ ፊት ያለው ፕሮሞተር፣ ማብሪያ ማጥፊያው ማለት ነው!

እሺ አሁን ኢንሴምብልን (የሰውና የእንስሳት ዲኤንኤ ሚታይበት ድረ ገፅ ነው) ክፈቱ፣ ሰውን ምረጡና በእንግሊዝኛ ፊደል ኤሲኬአር1 (የዳፊ ጂን እዛ ላይ ሚጠራበት ስም) ብላችሁ ፈልጉ፣ ክሮሞሶም 1 ላይ ታገኙታላችሁ። ብዙ ሰው እዚጋ ቀጥታ ወደ ፕሮቲኑ ይሮጣል፣ ተዉት። መልሳችሁ መፈለጊያው ላይ አርኤስ2814778 ፃፉ፣ ሚውቴሽኑ ይሄ ነው፣ በጂአርሲኤች38 (የሰው ጂኖም ማመሳከሪያ ቅጂ) የቦታው ቁጥር 159204893 ነው። ግራና ቀኙን ያለውን ፊደል ሚያሳየውን ገፅ ስትከፍቱ ሲ-ቲ-ቲ-ኤ-ቲ-ሲ-ቲ ሚል ታያላችሁ። አምስተኛ ላይ ያለችው ቲ ወደ ሲ ስትቀየር ጋታ1 ሚባለው ፕሮቲን እዛ ቦታ ላይ መያዝ ያቅተዋል፣ እሱ ካልያዘ ደግሞ ደም በሚሰሩት ሴሎች ውስጥ ጂኑ አይበራም። እኔን ሁሌ ሚገርመኝ የደም ስር ግድግዳ ላይ ያለው ዳፊ ምንም አለመሆኑ ነው፣ የሳሎኑ አምፖል ጠፍቶ የኩሽናው እንደበራ ማለት ነው። አንድ ፊደል!

እዛው ገፅ ላይ የህዝቦች ስርጭት ሚለውን ንኩት። ናይጄሪያ ዮሩባዎች ላይ ሲ ሁሉንም ይዛለች ማለት ይቻላል፣ አውሮፓውያን ላይ ደሞ ቲ። የኛን ሰው ፈልጋችሁ እንዳትደክሙ፣ የ1000 ጂኖምስ (ገፁ ላይ ያለው ስርጭት የመጣበት የብዙ ሀገር ሰዎች ዲኤንኤ ስብስብ) ናሙና ውስጥ ኢትዮጵያ የለችበትም፣ ቅርባችን የኬንያ ሉህያዎች ናቸው። እኛጋ ሁለቱም አይነት ሰው አለ፣ እና ጅማ ላይ በተሰበሰበ ደም ዳፊ ኔጌቲቭ (ቀይ ሴላቸው ላይ ዳፊ የሌላቸው) ሰዎችም ላይ ቫይቫክስ ተገኝታለች፣ ስለዚ በሩ ተዘግቷል ብሎ አጎበር ማውለቅ የለም።

ዋናው ስራ ማወዳደሩ ነው። ከቫሪያንቱ (ከሚውቴሽኑ) ገፅ ወደ ሎኬሽን ሂዱና አላይንመንቱን፣ የተለያዩ ዝርያዎችን ዲኤንኤ ከላይ ወደታች ሚደረድረውን፣ በቴክስት ሚያሳየውን ምረጡ፣ ከዝርዝሩ ፕራይሜቶች (ሰው፣ ዝንጀሮ፣ ጦጣና ዘመዶቻቸው) ሚለውን። ቺምፓንዚ፣ ጎሪላ፣ ማካክ እያለ ይደረድርላችኋል። ፓፒዮ አኑቢስ ካለ እሱን አትለፉት፣ በለጠ ጫካ መንገድ ላይ ተቀምጦ መኪና ሚያየው ዝንጀሮ ማለት እሱ ነው። ያቺን ሰባት ፊደል ሰው ላይ አግኙና ቀጥታ ወደታች አንብቡ፣ የትኛው ዝርያ ላይ እንዳለች የትኛው ላይ እንደተቀየረች በአይናችሁ ታያላችሁ።

እኔ መጀመሪያ ስሰራ የአንዱን ጦጣ ሲኩዌንስ ለብቻው አውርጄ ሲ-ቲ-ቲ-ኤ-ቲ-ሲ-ቲን በፍለጋ ሳጣት "ጠፍታለች!" ብዬ ለጓደኛዬ ደውዬለት ነበር። ለካ ያወረድኩት ተቃራኒውን ገመድ ነው (ዲኤንኤ ሁለት ገመድ ነው)፣ እዛ ላይ ምትነበበው ኤ-ጂ-ኤ-ቲ-ኤ-ኤ-ጂ ተብላ ነው። እስካሁን ይስቅብኛል። ስለዚ ጠፋ ከማለታችሁ በፊት ሁለቱንም ፈልጉ።

ሌላው ደሞ፣ ፊደሉ አንድ አይነት ነው ማለት ጂኑ እኩል ይበራል ማለት አይደለም፣ አጠገቡ ያለው ሌላ ፊደልም ይወስናል። ኬንያ አምቦሴሊ ያሉ ቢጫ ዝንጀሮዎች ላይ በ2009 የወጣ ስራ አለ፣ እነሱን ሚይዛቸው ሄፓቶሲስቲስ ሚባል የወባ ዘመድ ነው፣ እና በዚሁ ጂን መቆጣጠሪያ ቦታ ላይ ያለ ልዩነት ማን እንደሚያዝ ማን እንደማይያዝ ጋር ተያይዞ ተገኘ። ሰውና ዝንጀሮ ለየብቻቸው እዛው ማብሪያ ማጥፊያ ላይ ደረሱ ማለት ነው። ግን እነሱ ደም ወስደው ፓራሳይቱን ፈትሸው፣ ጂኑ ምን ያህል እንደሚበራም ለክተው ነው ያሉት፣ እኛ ስክሪን ላይ አይተን እንደዛ ማለት አንችልም።

ስታስቀምጡት ወርድ ላይ በኒያላ ፎንት እንዳትለጥፉት፣ የፊደሎቹ ስፋት ስለሚለያይ አምዱ ይዛባና ሰው ላይ ያለችው ቲ ከዝንጀሮው ኤ ስር ትቀመጣለች። ኖትፓድ ላይ ለጥፉት፣ ከላይ ደሞ የኢንሴምብሉን የቨርዥን ቁጥርና ቀኑን ፃፉበት፣ ቀጣዩ ቨርዥን ሲወጣ አላይንመንቱ ሊቀየር ይችላል።