የአልጋ ቁራኛ የሆነን ሰው ቤት ውስጥ ሲንከባከቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቤት ውስጥ የሚታመም ሰው የሚጎዳው ብዙ ጊዜ በጭካኔ ወይም በቸልታ አይደለም። «አይቸገር» ተብሎ ወይም ቶሎ ለመጨረስ ሲባል በሚደረግ ነገር ነው። ከታች ያሉትን ስህተቶች ለማስቀረት ውድ ዕቃ አያስፈልግም፤ ዓይንና እጅ፣ ጥቂት ትራስ፣ ትንሽ ትዕግሥት ይበቃል።

ቆዳው እስኪላጥ መጠበቅ

የአልጋ ቁስል ብዙ ጊዜ ላዩ ላይ ከመታየቱ በፊት ከውስጥ ይጀምራል። አጥንቱ ሥጋውን ፍራሹ ላይ ሲጫነው ደም ወደዚያ ቦታ መድረሱን ያቆማል፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥም ሥጋው መሞት ሊጀምር ይችላል። በየቀኑ መታየት ያለባቸው ቦታዎች ወገብና መቀመጫ መሀል ያለው አጥንት፣ ዳሌ፣ ተረከዝ፣ ቁርጭምጭሚት፣ ክርን፣ የጭንቅላት ጀርባና የጆሮ ጠርዝ ናቸው።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር «መቅላቱን ተመልከቱ» የሚል ነው። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ግን መቅላት ላይታይ ስለሚችል በዓይን ብቻ አይተማመኑ፤ በእጅዎ ጀርባ ይዳስሱ። ከአካባቢው የሞቀ ወይም የቀዘቀዘ፣ የጠጠረ ወይም የላላ፣ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ያደላ ወይም ሲነካ የሚያም ቦታ ካገኙ ቁስሉ ጀምሯል ማለት ነው። ፈካ ባለ ቆዳ ላይ ደግሞ የቀላውን ቦታ በጣት ተጭነው ይልቀቁት፤ ካልነጣ ምልክቱ ያው ነው። በዚያ ጎን መልሰው አያስተኙት፤ ለጤና ባለሙያም ያሳዩ።

ታማሚውን ቢያንስ በየ2 ሰዓቱ ያገላብጡት። በጎን ሲያስተኙት ክብደቱ በሙሉ ዳሌው ላይ እንዳያርፍ ከጀርባው ትራስ አድርገው 30 ዲግሪ ያህል ብቻ ያጋድሉት። ትራስ ከባቱ ሥር ሲደረግ ተረከዙ ፍራሹን አይነካም፤ መዳፍዎ በመሀል ማለፍ አለበት። የቀላውን ቦታ ማሸት መልካም ይመስላል፣ ግን የተጎዱትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ይበልጥ ይበጥሳል። ክብ ሆኖ መሀሉ ክፍት የሆነ ትራስም መሀሉን አሳርፎ ዙሪያውን ስለሚጫን ቢቀር ይሻላል።

የአልጋው ራስጌ ከ30 ዲግሪ በላይ ከፍ ሲል ሰውነት ቀስ በቀስ ወደ ታች ይንሸራተታል። ቆዳው አንሶላው ላይ ተይዞ ይቀራል፣ አጥንቱ ግን ይወርዳል፤ በመሀል ያለው ሥጋ ይተረተራል። ስለዚህ ራስጌውን ለምግብና ከምግብ በኋላ ላለው ጊዜ ከፍ ያድርጉ፣ ከዚያ ያውርዱት፤ ሐኪም ከፍ ብሎ እንዲተኛ ካዘዘ ግን ትእዛዙን ይከተሉ። ወደ ላይ መመለስ ሲያስፈልግም አይጎትቱት። ሁለት ሰው ሆናችሁ ከሥሩ በተነጠፈ አንሶላ አንሡት።

አጋድሞ ማብላት

አንገት ወደ ኋላ ሲቀና የአየር ቧንቧው ይከፈታል፤ ጉርሻውም ወደ ሆድ መሄዱ ቀርቶ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። መዘዙ የሳንባ ምች ነው። ታማሚው ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ አገጩ ትንሽ ወደ ደረቱ ይዘንብል። እርስዎም ይቀመጡ፤ ቆመው ሲያበሉት እርስዎን ለማየት ሲል አንገቱን ወደ ላይ ያቀናል። በትንሽ ማንኪያ ግማሽ ያህል ይስጡትና ማንቁርቱ ከፍ ብሎ ሲወርድ እስኪያዩ ሌላ አይጨምሩ። ከበላ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ተቀምጦ ይቆይ።

ሳል የታወቀ ምልክት ነው። አንዳንድ ሰው ግን ምግቡ ሳንባው ውስጥ እየገባም ጨርሶ አያስልም። ከጎረሰ በኋላ ድምፁ ውሃ እንዳለበት ከተንኮረኮረ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ከተደጋገመ ማብላቱን አቁመው ባለሙያ ያማክሩ። ለብዙዎች ከወፍራም ምግብ ይልቅ ቀጭን ውሃ ለመዋጥ ይከብዳል። በመጨረሻም አንድ ጎኑ የደከመ ከሆነ በዚያ ጎን ጉንጩ ውስጥ የተጠራቀመ ምግብ እንዳለ ይፈትሹና አፉን ያጽዱ። ጥርስ ባይኖረውም አፍ መጽዳት አለበት፤ የአፍ ጀርም ከምራቅ ጋር ወደ ሳንባ ይወርዳል።

ሽንት እንዳይበዛ ውሃ መቀነስ

አንሶላ መቀየር ይደክማል፤ እውነት ነው። ግን ውሃ ሲያንስ ሽንት ይወፍራል፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንና የሆድ ድርቀት ሊመጣ ይችላል፣ አረጋዊ ሰው በድንገት ነገር ሊምታታበት ይችላል። በልብ ወይም በኩላሊት ሕመም ምክንያት ሐኪም ካልከለከለ ቀኑን ሙሉ ትንሽ ትንሽ ያጠጡት። የሽንት ቱቦ ካለው ከረጢቱ ከፊኛው በታች ይንጠልጠል፣ መሬት ግን አይንካ። ሴት ታማሚ ስትታጠብ ሁልጊዜ ከፊት ወደ ኋላ ነው።

በብብት ሥር ይዞ ማንሳት

ስትሮክ የመታው ትከሻ በላላ ጡንቻ ነው የተንጠለጠለው፤ አንድ ጊዜ በብብት ወይም በእጅ መጎተት ከቦታው ሊያወጣው ይችላል። ወደ ዊልቸር ሲያዛውሩ ዊልቸሩን በጠንካራው ጎኑ በኩል ያቁሙት፣ ፍሬኑን ይቆልፉ፣ የእግር ማሳረፊያውን ያንሡ። ታማሚው አልጋው ጠርዝ ላይ 1 ወይም 2 ደቂቃ ይቀመጥ፤ ድንገት የሚነሳ ሰው ይዞርበታል፣ ይወድቃል። ከዚያ እግሮቹን መሬት አስረግጦ ወደ ፊት ያጎንብስ፤ እርስዎ ወገቡን ይያዙ፣ ጉልበትዎን አጥፈው አብረውት ይነሡ። ልብስ ሲያለብሱ የደከመው እጅ ይቅደም፣ ሲያወልቁ ይከተል።

የገላ ውሃን በመዳፍ መለካት

መዳፍ ሙቀት የለመደ ነው፤ በክርን ይለኩ። 37 ወይም 38 ዲግሪ ይበቃል። መጀመሪያ ቀዝቃዛውን ይቅዱ፣ ሙቁን ከላይ ይጨምሩ። የስኳር ሕመም ወይም ስትሮክ ያለበት ሰው መቃጠሉ ላይሰማው ስለሚችል «ዝም ካለ ተስማምቶታል» አይበሉ።

ኪኒን ሳይጠይቁ መፍጨት

ቀስ ብሎ እንዲለቀቅ የተሠራ ኪኒን ሲፈጭ የሙሉ ቀን መድኃኒት በአንዴ ሰውነት ውስጥ ይገባል። መዋጥ ካቃተው ፋርማሲስቱን በሌላ መልክ እንዳለ ይጠይቁ። ያለፈውን ሰዓት ለማካካስም በእጥፍ አይስጡ።

የሚችለውን ሁሉ መንጠቅ

ፊቱን መታጠብ የሚችል ሰው ሲታጠብለት ከሰነበተ ክንዱ ይደክማል፣ ጅማቱ ያጥራል። ፎጣውን እጁ ላይ ያኑሩለት። የሸሚዙን አንድ ቁልፍ ለመቆለፍ 5 ደቂቃ ቢፈጅበት ይጠብቁት፤ የቀሩትን እሱ ሲጠይቅ ያግዙት።