ከደሴ ሐይቅ ደርሶ መልስ፦ ቀኑን በደንብ ለመጠቀም

ሐይቅ ለመዋል የራስ መኪና ወይም ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ማለዳ መነሳት ብቻ ይበቃል። ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ነው፤ የማስተምረውም እዚሁ ነው። መስከረም ወይም ጥቅምት ውስጥ አንድ ቅዳሜ እንመርጥና ከባለቤቴ፣ ከሁለቱ ልጆቼ፣ ከአማቴና ከጎረቤቶቻችን ጋር ወደ ሐይቅ እንወርዳለን። ብዙ ሰው ወደ ወልድያ ወይም ወደ ላሊበላ ሲሄድ ውሃውን በመስኮት ያይና «እንዴት ያምራል!» ብሎ ያልፋል። ያሳዝነኛል። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ እንዲህ ያለ ቦታ እያለን በመስኮት ማለፍ የለብንም። ስለዚህ እኛ እንዴት እንደምንውል ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ወቅቱን ምረጡ። ሐምሌና ነሐሴ ጭቃ ነው፤ በበልግም ዝናብ አለ። ክረምቱ ከወጣ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ግን ተራራው አረንጓዴ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ መስከረም ላይ ደግሞ የተጠበሰ የበቆሎ እሸት አይጠፋም። ከቀኑም ቅዳሜን የምመርጥበት ምክንያት አለኝ፦ አማቴ ረቡዕና ዓርብ፣ በአጽዋማትም ዓሣ አይነኩም። ሐይቅ ሄዶ ዓሣ ሳይበሉ መመለስ ደግሞ ይከብዳል። ጥቅምት 17ና ጥር 1 የእስጢፋኖስ በዓል፣ ኅዳር 26 የአባ ኢየሱስ ሞዓ በዓል ነው። ለማንገሥ ከሆነ የምትሄዱት ከእነዚህ ቀኖች የሚበልጥ የለም፤ በጸጥታ ለመዋል ከሆነ ግን ሌላ ቀን ያዙ።

በዋዜማው ማታ እዚያ ያለ ዘመድ ወይም ወዳጅ ካላችሁ ደውሉና መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቁ። በዚህ ዘመን ይህን ሳላደርግ ልጆች ይዤ አልወጣም።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ መናኸሪያ ብትገኙ ጥሩ ነው። ደሴ በዚያ ሰዓት ጉም ለብሳ ትቆያችኋለች፤ ጋቢም ሹራብም ደርቡ። ግን ከሥሩ ቀለል ያለ ልብስ ይኑራችሁ፤ ሐይቅ ከደሴ ዝቅ ያለና ሞቅ ያለ አገር ስለሆነ 4 ሰዓት ሳይሞላ ሁሉንም እያወለቃችሁ ትሸከማላችሁ። ሚኒባሱ ውስጥ በቀኝ በኩል ተቀመጡ። ውሃው ከመንገዱ በስተቀኝ ነው።

አንድ ነገር እንግዳ ሰው ያደናግራል፦ ከተማውም ሐይቅ፣ ውሃውም ሐይቅ ነው ስሙ። ከተማው ዋናው መንገድ ላይ ነው፤ ውሃው ዳር ለመድረስ ትንሽ ኪሎ ሜትር ይቀራል። ስለዚህ ባጃጅ ስትይዙ «ሐይቅ አድርሰኝ» ብትሉ ልጁ «ደርሳችኋል እኮ!» ይላችኋል። «እስጢፋኖስ» ወይም «ውሃው ዳር፣ ጀልባው ጋ» በሉት። ዋጋውን ሳትሳፈሩ ተስማሙ፤ የመልሱንም ጨምራችሁ።

ጀልባ መሳፈር ከፈለጋችሁ መጀመሪያ እሱን ጨርሱ። ጠዋት ውሃው እንደ መስታወት ነው፤ የተራራው ጥላ ተገልብጦ ይታያል። ከቀትር በኋላ ግን ነፋስ ይነሳል። አንድ ዓመት አርፍደን ደርሰን 8 ሰዓት ላይ ተሳፈርን። ጀልባው ከልኩ በላይ ጭኖ ነበር፤ ላይፍ ጃኬት የተሰጠው ለሁለት ሰው ብቻ ነው። መሃል ላይ ማዕበሉ ጎኑን መምታት ሲጀምር ትንሿ ልጄ ነጠላዬን አፏ ውስጥ ከትታ እየነከሰች ዝም አለች። አላለቀሰችም፤ ያ ዝምታዋ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። የሐይቁ ጥልቀት ከ80 ሜትር ይበልጣል፤ ዳሩም ቶሎ ይጠልቃል። ለእያንዳንዱ ሰው፣ በተለይ ለልጅ፣ ጃኬት ከሌለ አትሳፈሩ። ባለጀልባው «አብሽሩ፣ ምንም አይደል» ቢላችሁም አትሳፈሩ። ዳር ቁጭ ብሎ ወፍ ማየትም ደስ ይላል፤ ልጆቼ ከጀልባው ይልቅ ወፎቹን ነው የሚያስታውሱት።

ከዚያ ወደ ገዳሙ። እዚህ ላይ ሴቶች እኅቶቼ አስቀድማችሁ እወቁ፦ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አይገባም። ይህን ሳትሰማ ከሩቅ መጥታ በር ላይ ስትደርስ ዕንባዋ የመጣ ወጣት አይቻለሁ። እኔ በልጅነቴ አባቴ ሲገባ ከእናቴ ጋር ውጭ ነበር የምጠብቀው፤ አሁን ደግሞ ባለቤቴና ወንዱ ልጄ ሲገቡ ከአማቴ ጋር ዛፍ ሥር እቀመጣለሁ። አማቴ ውዳሴ ማርያማቸውን ይደግማሉ፣ እኔ ውሃውን አያለሁ። ከእኔ ተማሩና ልጁን ባዶውን አትላኩት፦ «ያየኸውን ሦስት ነገር ይዘህልኝ ና» እለዋለሁ። ባለፈው ዓመት የነገረኝ የዕጣኑን ሽታ፣ አባቶች ሲራመዱ ኮቴያቸው አለመሰማቱንና ውሃው በቅጠሉ መሃል ብልጭ ሲል ማየቱን ነው። የገባሁ ያህል ሆነልኝ።

ለሚገቡት፦ ነጠላ ይልበሱ፣ ጫማ ያውልቁ፣ ሞባይል ከማውጣታቸው በፊት አባቶችን ይጠይቁ፤ የሚከፈለውን ደረሰኝ አስቆርጠው ይክፈሉ። በጾም ወራት ቅዳሴው ቀትር ላይ ስለሚገባ ጠዋት ይድረሱ። ደግሞ ምን ቦታ ላይ እንደቆሙ አውቀው ይግቡ። አባ ኢየሱስ ሞዓ ከደብረ ዳሞ መጥተው በ13ኛው መቶ ዘመን ገዳሙን ያቀኑት እዚህ ነው፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ደብረ ሊባኖስን ከመመሥረታቸው በፊት የተማሩት ከእሳቸው ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል፣ የራሳቸው ሥዕል ያለበት የብራና መጽሐፍ፣ ከ700 ዓመት በላይ ሆኖታል። ተማሪዎቼን ስለ ዩኒቨርሲቲ ስጠይቃቸው የውጭ አገር ስም ይጠሩልኛል፤ እኔ ደግሞ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለውን ይህን ትምህርት ቤት እነግራቸዋለሁ።

ቦታው ዛሬ በእግር ይገባል፤ ድሮ ግን ደሴት ነበር። በ16ኛው መቶ ዘመን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ሰው ወደ ገዳሙ የሚሻገረው በደንገል ታንኳ እንደነበር ጽፏል። ደሴቱ እንዴት እንደተፈጠረ የአገሬው ሰው የሚያወራውን ከአማቴ ነው የሰማሁት፦ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ተበደለች፤ እግዚአብሔርም ተቆጥቶ ምድሩን ሁሉ ውሃ አደረገው። እሷ የተቀመጠችበት ብቻ ደረቅ ሆኖ ቀረ። አማቴ ይህን የሚያወሩት እኔ እንደምቀመጠው እዚያው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነው፤ ሁልጊዜም «የተበደለች ሴት መቀመጫ ነው» ብለው መሬቱን በእጃቸው ይዳብሳሉ።

6 ሰዓት ላይ ምሳ። እዚህ ጋ አትቸኩሉ፤ እኔ እንኳን ስለ ምሳው ለማውራት ብዬ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት። ዓሣውን ሳይጠበስ እዩት። ዓይኑ ጥርት ብሎ ጎላ ያለ፣ ስንጥቡ (የሚተነፍስበት) ሲገለጥ ደማቅ ቀይ፣ በጣት ስትጫኑት ወዲያው የሚመለስ ከሆነ የዛሬ ነው። ዓይኑ ደፍርሶ ከገባ፣ ስንጥቡም ከጠቆረ ይቅርባችሁ። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ሙሉውን አስጠብሱ፤ ጎንና ጎኑ ተተልትሎ ሲጠበስ ቆዳው ይንኮሻኮሻል። ሎሚ ጭመቁበት፣ ዳጣ አስቀርቡ። ለትንንሽ ልጆች አምባዛ በጉላሽ ይሻላል፤ ደቃቅ እሾህ ስለሌለው አንገታቸውን እያየሁ አልሳቀቅም። ቆሮሶ የሐይቁ የጥንት ነዋሪ አይደለም፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ሰው ነው ያስገባው። አሁን ግን ሐይቅ ያለ ቆሮሶ የሚታሰብ አይመስልም።

ጎረቤቶቻችን ሙስሊሞች ናቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ ቡና አብረን ጠጥተናል፣ ልጅ አብረን አሳድገናል፤ በሠርግም በለቅሶም አልተለያየንም። ሥጋ ላይ ስንደርስ ግን እኛ የባረክነውን እነሱ አይበሉም፣ እነሱ ያረዱትን እኛ አንበላም፤ ትሪያችን ሁለት ነው። ዓሣ ግን አይታረድም፤ ባራኪ አይፈልግም። ስለዚህ ሐይቅ ዳር ትሪው አንድ ይሆናል። ጎረቤቴ ለአማቴ እሾሁን ለቅማ ታጎርሳቸዋለች፤ አማቴም «አንቺም ጉረሺ እንጂ!» እያሉ ይመልሱላታል። ልጆቹ የዓሣውን ጭንቅላት ለመካፈል ይጣላሉ። የተለያየ እምነት ያላችሁ ወዳጆች ከሆናችሁ፣ ከአንድ ትሪ መብላት ያማራችሁ ከሆነ፣ በዚህ ምክንያት ብቻ እንኳ ሐይቅ ሂዱ። አንድ ትልቅ ትሪ እዘዙ፤ በየሰው ሳህን ቢመጣላችሁ «ገልብጡልን» በሉ።

ከምሳ በኋላ ቡና። ሦስተኛውን ጠጥታችሁ ተነሱ፤ በረካው ሳይደርስ የሚነሳ ሰው እዚያ አይወደድም።

የአርዲቦ ሐይቅስ? ከሐይቅ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ከፍ ባለው ቦታ ላይ ነው፤ ውሃው በወንዝ ወደ ሐይቅ ይወርዳል። ጸጥታው ይበልጣል። ግን የራሳችሁ መኪና ከሌለ ሁለቱን በአንድ ቀን አትሞክሩ። ውጫሌም እንዲሁ፤ በ1881 ዓ.ም. ውሉ የተፈረመበትን አካባቢ ማየት ለፈለገ ሌላ ቀን ይያዝ።

ለመመለስ 10 ሰዓት ላይ ከተማው ውስጥ ሁኑ። ከወልድያና ከመርሳ የሚመጡት መኪኖች ሞልተው ነው የሚያልፉት። አንድ ጊዜ ፀሐይዋ ስትጠልቅ እንይ ብለን ቆይተን፣ የተኛች ልጅ ታቅፌ ምሽት 1 ሰዓት ድረስ አስፋልት ዳር ቆሜአለሁ፤ በመጨረሻ የቆመልን መኪናም ጨለማውን አይቶ እጥፍ አስከፈለን።

ለቤት ዓሣ የምትገዙ ከሆነ መጨረሻ ላይ ግዙ። ሆድ ዕቃውን እዚያው አስወጡት፣ ቅርፊቱንም አስፍቁት፣ ጨውና ሎሚ አሹትና ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ ክተቱት፤ በፌስታል ከያዛችሁት ውሃው ሰው ጫማ ላይ ይንጠባጠባል። እኔ ሁልጊዜ ሁለት ትርፍ እይዛለሁ፤ አንዱ ወገባቸውን ታመው መውረድ ላቃታቸው ለጎረቤቴ እናት ነው። ደሴ ስንገባ ብርዱ ይቀበለናል፣ ጋቢያችንን መልሰን እንደርባለን፤ ልጄም ባልዲውን ይዞ ቤቱ ሳይገባ በቀጥታ ወደ እሳቸው በር ይሮጣል።