የጉልበተኝነት መከላከያ ፕሮግራም ሲገመገም ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሀዋሳ ትምህርት ቤቶች የጉልበተኝነት መከላከያ ሥራቸውን እንዲገመግሙ ለማገዝ ስገባ፣ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚቀርብልኝ የዲሲፕሊን ጉዳዮች መቀነሳቸውን የሚገልጽ ሪፖርት ነው። የመጀመሪያው ስህተትም ይኸው ነው። በዲሲፕሊን ኮሚቴው መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ልጅ የተጎዳበት ወይም ወላጅ አቤት ያለበት ጉዳይ እንጂ፣ በየዕረፍቱ ምሳ ዕቃው የሚነጠቅ ልጅ ጉዳይ አይደለም። እንዲያውም ፕሮግራሙ በሚገባ ከሠራ፣ ልጆች ሰሚ እንዳገኙ ስለሚያውቁ በመጀመሪያዎቹ ወራት አቤቱታው ሊጨምር ይችላል፤ ይህን ጭማሪ እንደ ውድቀት የሚቆጥር ርዕሰ መምህር ሳያስበው ልጆቹን መልሶ ዝም ያሰኛቸዋል።

ሁለተኛውና እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ስህተት ልጁን የምንጠይቅበት ቃልና ቦታ ነው። “ጉልበተኝነት ደርሶብሃል?” ተብሎ የተጠየቀ የ6ኛ ክፍል ተማሪ ወዲያው የሚታየው ድብደባ ነው። እርሱ ለጓደኛው የሚናገረው ግን “ሙድ ይይዙብኛል”፣ “ያበሽቁኛል”፣ “አያጫውቱኝም” እያለ ነው። ስለዚህ መጠይቁ ድርጊቶቹን አንድ በአንድ ይጥራ፦ የሚያስከፋ ቅጽል ስም ማውጣት፣ ደብተር መደበቅ፣ ከጨዋታ ማግለል፣ በቴሌግራም ግሩፕ የልጁን ፎቶ ለጥፎ መሳቅ። በቤቱ ሲዳሙ አፎ ለሚናገር ልጅም ጥያቄው በዚያው ቋንቋ ሊቀርብለት ይገባል። የጊዜው ገደብ ደግሞ ግልጽ ይሁን። በኖርዌይ የጉልበተኝነትን ጥናት መሠረት የጣሉት ተመራማሪ ዳን ኦልቬዩስ ያለፉትን ሁለት ወራት ገደማ እየጠየቁ፣ በወር 2 ወይም 3 ጊዜና ከዚያ በላይ የደረሰበትን ልጅ እንደ ተጠቂ ይቆጥሩ ነበር፤ አንድ ቀን የተገፈተረና በየሳምንቱ የሚገፈተር ልጅ በአንድ ቁጥር ሊጠቃለሉ አይገባምና።

ቦታውን በተመለከተ አንድ ቀን ከክፍሉ ጀርባ ቆሜ ያየሁት አሁንም ከዓይኔ አልጠፋም። በአንድ ዴስክ ሦስት ተማሪዎች ተቀምጠዋል። መሐል ያለው ልጅ ወረቀቱን በክንዱ ጋርዶ “በሳምንት አንድ ጊዜ” የሚለውን አከበበ። በስተቀኙ ያለው አንገቱን ሲያሰግግ ግን በላጲስ አጥፍቶ “ፈጽሞ” ወደሚለው ዞረ። የክፍሉ ውጤት ሲደመር ይህ ልጅ ምንም ካልደረሰባቸው ጋር ተቆጠረ። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቹን በዙር ከፋፍዬ አንድ ልጅ በአንድ ዴስክ አስቀምጣለሁ፤ ስም አይጻፍም፣ የክፍሉ ኃላፊ መምህር በዴስኮቹ መካከል አይመላለስም፣ ወረቀቱንም እያንዳንዱ ልጅ በፖስታ አሽጎ በእጁ ሣጥን ውስጥ ይከታል።

ሦስተኛው ስህተት የልጆቹን ማደግ የፕሮግራሙ ፍሬ አድርጎ መውሰድ ነው። ተጠቃሁ የሚሉ ልጆች ቁጥር ዕድሜ ከፍ ሲል በአብዛኛው እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ አምና 5ኛ ክፍል የነበሩትን ዘንድሮ 6ኛ ክፍል ሆነው ብንጠይቃቸው ምንም ሳንሠራ ቁጥሩ ሊወርድ ይችላል። ኦልቬዩስ እ.ኤ.አ. በ1983 በበርገን ከተማ በ42 ትምህርት ቤቶች በጀመሩት ግምገማ፣ 2,500 ያህል ተማሪዎችን ሲከታተሉ ከዚህ የተጠበቁት በአንድ የክፍል ደረጃ ያሉትን ከእነርሱ በፊት በዚያው ደረጃ ከነበሩት ጋር በማነጻጸር ነው። ይህን ለማድረግ ፕሮግራሙ ሳይጀመር መጠየቅ፣ በሚቀጥለውም ዓመት በዚያው ወር መጠየቅ ግድ ይላል። በኅዳር የተሰበሰበን መልስ፣ ፈተና አልቆ ክፍሉ ከሳሳ በኋላ በሰኔ ከተሰበሰበ መልስ ጋር ማስተያየት አይቻልም።

በዓመቱ አጋማሽ መልቀቂያ የወሰዱ ተማሪዎችም መረሳት የለባቸውም። ከሁሉ የባሰ የተጎዳው ልጅ ትምህርት ቤት ቀይሮ ሲሄድ የቀሩት አማካይ ይሻሻላል፤ ስለዚህ የለቀቁት ስንት እንደሆኑና ለምን እንደሄዱ ከወላጆቻቸው ጠይቆ ከውጤቱ ጎን ማስፈር ያስፈልጋል።

የተሠራውን ሥራ ሳይቆጥሩ ውጤቱን ብቻ መለካትም ሌላው ስህተት ነው። በበሩ ላይ ባነር ተሰቅሎ፣ በሚኒ ሚዲያ አንድ ቀን ንግግር ተደርጎ ካበቃ፣ “ፕሮግራሙ አልሠራም” የሚለው ድምዳሜ ያልተሠራን ነገር መገምገም ይሆናል።

ከመጠን ያለፈ ተስፋም ያሳስታል። ማሪያ ቶፊና ዴቪድ ፋሪንግተን እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ሰፊ የጥናቶች ማጠቃለያ፣ ፕሮግራሞቹ የሚያጠቁትን በአማካይ ከ20 እስከ 23 በመቶ፣ የሚጠቁትን ከ17 እስከ 20 በመቶ እንደቀነሱ አሳይተዋል። በአንድ ዓመት 80 በመቶ ቀነሰ የሚል ሪፖርት ሲደርሰኝ ከማመስገኔ በፊት ልጆቹ እንዴት ተቀምጠው እንደሞሉት እጠይቃለሁ፤ በአንጻሩ 15 በመቶ ያመጣ ትምህርት ቤት ሊያፍር አይገባውም።

በመጨረሻም፣ መጠይቁ ስም ስለሌለው “በየሳምንቱ” ብሎ ያከበበውን ልጅ መልሶ ማግኘት አይቻልም፤ ጥያቄው ግን የታመቀውን ቀስቅሶበታል። ወረቀቱ ከመታደሉ በፊት የትኛዋ መምህርት፣ በየትኛው ክፍል፣ በስንት ሰዓት ልጁን ብቻውን እንደምትቀበለው ተወስኖ በሰሌዳው ላይ ይጻፍ፤ በዚያም ሳምንት በእነዚያ ሰዓታት ሌላ ክፍለ ጊዜ አይመደብባት።