ሽሮዬ መጓጎል ያቆመው እንዴት ነው?

ለወራት ሽሮ በሠራሁ ቁጥር ይጓጉልብኝ ነበር። ላዩ የበሰለ ይመስላል፤ ጓሉን በማንኪያ ስከፍለው ግን ውስጡ ደረቅ ዱቄት ነው። ጥፋቱን መጀመሪያ የጣልኩት ሽሮው ላይ ነበር። እናቴ ፈጭታ የላከችልኝን ሽሮ! ይቅር ይበለኝ።

ጥፋቱ የኔ ነበር። ዱቄቱን በቀጥታ የፈላ ውሃ ላይ ነበር የምነሰንሰው። የፈላ ውሃ ሲነካው የጓሉ ውጪ ቶሎ በስሎ ይለጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ውሃ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። የቱንም ያህል ቢማሰል ለውጥ የለውም።

አሁን ግማሽ ኩባያ ሽሮ በአንድ ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ እበጠብጣለሁ። ሽንኩርቱን በዘይት አቁላልቼ አንድ ኩባያ ተኩል ውሃ እጨምርበታለሁ። ሞቅ ሲል ብጥብጡን እያማሰልኩ ቀስ ብዬ አፈስበታለሁ። አለቀ። መንተክተክ ሲጀምር እሳቱን ቀንሼ 20 ደቂቃ ያህል አቆየዋለሁ፤ አለዚያ ጥሬ ጥሬ ይላል። ምድጃዬ የኤሌክትሪክ ስለሆነ ብቀንሰውም ሙቀቱ ቶሎ አይበርድም፤ ድስቱን ለትንሽ ጊዜ አነሳለሁ። ካልሆነ ግድግዳው ሁሉ ሽሮ ይሆናል።

ለእናቴ ደውዬ ግኝቴን ነገርኳት። «በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጪው ብዬሽ አልነበር እንዴ?» አለችኝ።