የመኖሪያ ቤት ግንባታ ሳይንስ ስትማሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኃይል ቆጣቢ ቤት አሠራርን በዩኒቨርሲቲ የሚማር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው ሒሳቡ ከብዶት አይደለም። ሒሳቡ ከሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ብዙም አይርቅም። ችግሩ ሙቀት፣ አየርና እርጥበት በየራሳቸው ምዕራፍ መሰጠታቸው ነው። ፈተናውም እንደዚያው ነው። ግድግዳው ግን ሦስቱንም የሚቀበለው በአንድ ጊዜ ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ ይመነጫሉ።

የአር ቫልዩን አማካይ መውሰድ

አር ቫልዩ ሙቀትን የመቋቋም አቅም ነው። ንብርብሮች አንዱ ባንዱ ላይ ሲደረደሩ ይደመራል፤ እዚህ ላይ የሚሳሳት የለም። ጣጣው የሚመጣው ግድግዳና መስኮት ጎን ለጎን ሲሆኑ ነው።

አንድ ባለ 10 ካሬ ሜትር ግድግዳ እንውሰድ። 9 ካሬው ኢንሱሌሽን (ሙቀት እንዳያልፍ የሚያግድ ንብርብር) ያለው ነው፤ አር ቫልዩው 4። የቀረው 1 ካሬ መስኮት ነው፤ አር ቫልዩው 0.4። ብዙ ተማሪ በስፋት አባዝቶ፣ ደምሮ፣ ለ10 አካፍሎ 3.64 ይላል። ሲታይ ደህና ግድግዳ ነው። ነገር ግን የሚያልፈው ሙቀት የሚሰላው በግልባጩ፣ በዩ ቫልዩ ነው። 9 ለ4 ሲካፈል 2.25፣ 1 ለ0.4 ሲካፈል 2.5። ድምሩ 4.75 ነው። 10 ለ4.75 ሲካፈል የሚወጣው ትክክለኛው አማካይ አር 2.1 ገደማ ብቻ ነው። አንዷ ካሬ መስኮት ከዘጠኙ ካሬ ግድግዳ የበለጠ ሙቀት ታሳልፋለች ማለት ነው።

አሁን የግድግዳውን ኢንሱሌሽን እጥፍ አድርጉትና አር 8 ይሁን። አማካዩ ወደ 2.8 ከፍ ይላል። ግድግዳውን ሳትነኩ የመስኮቷን አር ብቻ ወደ 0.8 ብታሳድጉትስ? 2.9 ገደማ ይሆናል። ይቺን ስሌት አንዴ በእጁ የሠራ ሰው በጀት የት መዋል እንዳለበት የሚያስብበት መንገድ ይቀየራል።

በነገራችን ላይ የአሜሪካ መጻሕፍት የሚጽፉት አር እና በሜትሪክ የሚጻፈው አር በ5.68 እጥፍ ይለያያሉ። የአሜሪካው 20 በሜትሪክ 3.5 ነው። ኪሎዋትን ከኪሎዋት ሰዓት ማምታታትም ያው ነው፤ ትንሽ ይመስላል፣ ግን ሙሉ ፕሮጀክት ያበላሻል።

የሙቀት ድልድይን መርሳት

የብረት ሙቀት አስተላላፊነት 50 ዋት በሜትር ኬልቪን አካባቢ ነው። ለኢንሱሌሽን የሚውለው የማዕድን ሱፍ ደግሞ 0.04 ገደማ። ልዩነቱ ከሺህ እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ኢንሱሌሽኑን ሰንጥቆ የሚያልፍ ቀጭን ብረት ወይም ወደ ውጭ የሚወጣ የበረንዳ ኮንክሪት ቀላል ነገር አይደለም፤ ሙቀት ኢንሱሌሽኑን አልፎ የሚሻገርበት ድልድይ ነው። ቀላል መፈተሻ አለ። የቤቱን ቁርጥ ስዕል አውጡና እርሳሳችሁን ኢንሱሌሽኑ ላይ አሳርፉ። ሳታነሱ ቤቱን ዙሩ። እርሳሱ የተነሳበት ቦታ ድልድይ ነው። አየር ለሚያግደው ንብርብርም እንዲሁ አድርጉ።

እርጥበትን በፕላስቲክ እንጨርሰዋለን ማለት

ለኔ ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ኃይል ማባከን ወጪ ያስከትላል፤ እርጥበት ግን ቤት ያበሰብሳል።

ክፍሉ ውስጥ ያለው አየር 20 ዲግሪ፣ አንጻራዊ እርጥበቱ 50 በመቶ ከሆነ 9 ዲግሪ ገደማ የሆነ ገጽ ሲያገኝ ጤዛ መጣል ይጀምራል። ውጭው ሲበርድ ከኢንሱሌሽኑ ኋላ፣ በውጭ በኩል ያለው የግድግዳ ሰሌዳ ከዚያ በታች ሊወርድ ይችላል። ልብ በሉ፣ ኢንሱሌሽን በጨመራችሁ ቁጥር ያ ሰሌዳ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። የማድረቅ አቅሙም አብሮ ይቀንሳል። የድሮ ቤቶች በሚባክነው ሙቀታቸው ይደርቁ ነበር።

ተማሪው ይሄን ሲያውቅ መፍትሔው ፕላስቲክ ነው ይላል። የት በኩል ይደረግ? መጽሐፉ በውስጥ በኩል ካለ በውስጥ። መጽሐፉ የተጻፈው ግን ለብርዳማ አገር ሊሆን ይችላል። ተን የሚሄደው ሞቃትና እርጥብ ከሆነው ወገን ወደ ቀዝቃዛና ደረቅ ወገን ነው። ሞቃትና እርጥበታማ በሆነ ቦታ፣ ኤር ኮንዲሽነር ባለው ቤት፣ ጉዞው ከውጭ ወደ ውስጥ ነው። እዚያ የፕላስቲክነት ባሕርይ ያለው የግድግዳ ወረቀት ብትለጥፉ ውሃው ከወረቀቱ ኋላ ይታገዳል። ወረቀቱ ሲላጥ ግድግዳው በሻጋታ ጠቁሮ ይገኛል። ለጥንቃቄ በሁለቱም ወገን ፕላስቲክ ማድረግ ደግሞ የባሰ ነው፤ የገባው ውሃ መውጫ ያጣል።

ሌላም አለ። በዕቃው ውስጥ ሰርጎ ከሚያልፈው ተን ይልቅ በሶኬት ቀዳዳና በስንጥቅ ከአየር ጋር የሚገባው እርጥበት እጅግ ይበልጣል። መጀመሪያ የሚደፈነው ቀዳዳው ነው።

"ቤት መተንፈስ አለበት" ብሎ ክፍተት መተው

ሰው ይተንፍስ፣ ግድግዳው ምን በወጣው? በስንጥቅ የሚገባ አየር የሚገባው ነፋስ ሲነፍስ ነው እንጂ እናንተ ስትፈልጉት አይደለም። ቤቱ ጥብቅ ይሁን፣ አየሩ ግን በታወቀ መንገድ ይግባ፣ ይውጣ። የቤቱ ጥብቀት የሚለካው በር ላይ ማራገቢያ ተገጥሞ የ50 ፓስካል የግፊት ልዩነት በመፍጠር ነው። እጅግ ኃይል ቆጣቢ ለሆኑ ቤቶች የወጣው የፓሲቭ ሃውስ ደረጃ በዚያ ግፊት የቤቱ አየር በሰዓት ከ0.6 ጊዜ በላይ እንዳይቀየር ይጠይቃል።

ግን ጥብቅ ቤት ያለ ቬንቲሌሽን (አየር ማስገቢያና ማስወጫ) አደጋ ነው። ኃይለኛ የኩሽና ጭስ መሳቢያ ያለበት ጥብቅ ቤት የማሞቂያውን የተቃጠለ ጋዝ ከጭስ ማውጫው ወደ ክፍሉ መልሶ ሊስብ ይችላል። በዚያ ጋዝ ውስጥ ሊኖር የሚችለው መርዛማው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታ የለውም።

በመሣሪያ መጀመር

በ1977 በሬጂና፣ ካናዳ የተሠራው የሳስካችዋን ቤት በጣም ጥብቅ ነበር፤ ወፍራም ኢንሱሌሽንና ከሚወጣው አየር ሙቀት የሚመልስ ቬንቲሌሽን ነበረው። ውድና ውስብስብ የፀሐይ ሙቀት ሥርዓትም ተገጥሞለት ነበር። ሥርዓቱ ከጊዜ በኋላ ተነሣ። ቀሪው ሐሳብ ግን በ1991 ዳርምሽታት፣ ጀርመን ውስጥ በተጠናቀቀው የመጀመሪያው ፓሲቭ ሃውስ ውስጥ ይታያል። ስለዚህ የፀሐይ ፓነል ከመምረጣችሁ በፊት ቤቱ ወዴት እንደሚያይ ወስኑ። በምዕራብ በኩል ትልቅ መስኮት ካደረጋችሁ የጣሪያ ከንፈር አያድናችሁም፤ የከሰዓት በኋላ ፀሐይ ዝቅ ብላ ነው የምትገባው።

ሶፍትዌሩን ማመን

ሲሙሌሽን ሦስት የነጥብ ቤት ስላሳየ ትክክል ነው ማለት አይደለም። የአየር ማፈትለኩን በግምት ካስገባችሁ መልሱም ግምት ነው። መጀመሪያ በእጅ አስሉ፦ ዩ ሲባዛ በስፋት፣ ሲባዛ በሙቀት ልዩነት። ከሶፍትዌሩ ጋር እጥፍ ከተለያየ አንዳችሁ ተሳስታችኋል፤ ብዙ ጊዜ ሰዎች ቶሎ የሚጠረጥሩት ግን ወረቀቱን ነው።

ሳይት አለመውጣት

ስዕል ላይ ኢንሱሌሽን ክፍተት የለውም። ሳይት ላይ ግን ኤሌክትሪሻኑ ሽቦ ለማሳለፍ ይገፋዋል፣ የቧንቧ ሠራተኛው ይቦድሰዋል፣ የሚጠግነው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ሄዳችሁ ሠራተኞቹን የትኛው ዝርዝር እንደሚያስቸግራቸው ጠይቁ። መልሱ ብዙ ጊዜ "ይሄ እኮ እጅ አያስገባም" ዓይነት ነው። እጅ ካላስገባ ስዕሉ ይቀየራል።